ባለቀለሙን ልብስ የሚያፈዝዘው ማን ነው?

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ባለቀለም ልብስና ስለሚታጠብበት ሳሙና ነው።

አዲስ የተገዛ ቀይ ሹራብ ከሳፋው ሮዝ መስሎ ሲወጣ የመጀመሪያዋ ተወቃሽ አጣቢዋ ናት። «በምን አጠብሽው?» ትባላለች። እሷ ደግሞ ሳሙናውን ትከሳለች፤ «ይሄ ሳሙና እኮ ልብስ ይበላል» ትላለች። ሳሙና ሻጩ በበኩሉ ጥፋቱን ወደ ጨርቁ ይገፋዋል፤ «ቀለሙ ድሮም ፎርጅድ ነበር» ይላል። ሦስቱም ከእውነት የራቁ አይደሉም። ክርክሩ የማይቋጨው ልብስ የሚፈዝበት መንገድ አንድ ብቻ ስላልሆነ ነው። ጥሩ ሳሙና አንዳንዱን ይከላከላል፣ አንዳንዱን አይነካውም፣ መጥፎው ደግሞ ራሱ መንስኤ ይሆናል።

ሁሉም የሚያውቀው መንገድ ቀለሙ ከክሩ ተላቆ ወደ ውኃው ሲገባ ነው። ውኃው ይቀላል፣ ይጠቁራል፣ በዓይን ይታያል። ሌላኛው ግን አይታይም። ቀለሙ እዚያው ክሩ ላይ እንዳለ በኬሚካል ተሰባብሮ ቀለምነቱን ያጣል። ጥቁር ቲሸርት ላይ በረኪና ሲፈናጠቅ የሚወጣው ብርቱካናማ ነጥብ የዚህ ምልክት ነው፤ ውኃው ንጹሕ ሆኖ ልብሱ ግን ነጥቷል። ብዙ ሰው የማያስበው ሦስተኛው መንገድ ደግሞ መፈተግ ነው። ጥጥ በእጅ ሲታሽ፣ በብሩሽ ሲፈተግ ወይም በማሽን ሲንገላታ ላዩ ላይ ጥቃቅን ፀጉር ያወጣል። ያ ፀጉር ብርሃኑን ወዲያና ወዲህ ስለሚበትነው ጥቁሩ ልብስ አመዳም ይመስላል፤ ቀለሙ ግን አልሄደም። ያረጀ ጥቁር ሹራብ ክርኑ አካባቢ በምላጭ ቀስ ተብሎ ቢላጭ ከሥሩ የቀድሞው ጥቁረት ብቅ ይላል። አራተኛው ፀሐይ ነው፤ እሱ ጋ ስንደርስ እንመለስበታለን።

መጀመሪያ ግን የሻጩ ክስ ይታይ፤ ጨርቁ።

እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ አጋማሽ አግፋ የተባለው የበርሊን ኩባንያ አንድ ቀይ ቀለም ለገበያ አወጣ። እስከዚያ ድረስ ጥጥን ለማቅለም አብዛኛውን ጊዜ ቀለሙን ከክሩ ጋር የሚያስተሳስር ማስያዣ ኬሚካል ያስፈልግ ነበር። አዲሱ ቀለም ግን ጥጡ በአንድ ሙቅ ገንዳ ውስጥ ከተነከረ በቃው፤ ሌላ ጣጣ የለበትም። «ኮንጎ ቀይ» የሚል ስም ተሰጠው። ከኮንጎ ጋር የሚያገናኘው አንዳች ነገር አልነበረም፤ የአውሮፓ መንግሥታት አፍሪካን ለመቀራመት በርሊን ላይ የተሰበሰቡበት ሰሞን ስለነበር ስሙ ገበያ ይስባል ተብሎ ነው። የዚህ ዝርያ ቀለሞች ዳይሬክት ይባላሉ። ርካሽና ደማቅ ናቸው፤ ጥጡን የሚይዙት ግን በላላ እጅ ነው። ልብሱ ውኃ ባየ ቁጥር ጥቂት ጥቂት ይለቃሉ፤ ይህን ሙሉ በሙሉ የሚያስቆም የሳሙና ዓይነት የለም።

የተሻለው መልስ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። የእንግሊዙ አይ.ሲ.አይ. ኩባንያ ፕሮሲዮን በሚል ስም ሪአክቲቭ የተባሉትን ቀለሞች ገበያ ላይ አዋለ። እነዚህ ክሩ ላይ ተለጥፈው አይቀሩም፤ ከጥጡ ጋር በኬሚካል ተጋምደው አንድ አካል ይሆናሉ። ዛሬ ጥሩ የጥጥ ቲሸርት የሚቀለመው በአብዛኛው በእነዚህ ነው። ታዲያ ለምን ይለቃል? በማቅለሚያው ገንዳ ውስጥ ከገባው ቀለም ከፊሉ ከጥጡ ጋር ከመጋመዱ በፊት ከውኃው ጋር ተዋህዶ ይመክናል። ይህ የመከነ ቀለም በፋብሪካው በሙቅ ውኃ ደጋግሞ ታጥቦ መውጣት አለበት። ፋብሪካው ውኃና ነዳጅ ለመቆጠብ ሲል ይህን ሥራ ካሳጠረ ትርፉ ቀለም የሚወጣው ገዢው ቤት፣ ሳፋ ውስጥ ነው። አዲስ ልብስ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት እጥበቶች ለቅቆ ከዚያ የሚያቆመው ለዚህ ነው። መውጣት የነበረበት ወጣ፤ የተጋመደው ቀረ። እስኪያቆም ድረስ ለብቻው ማጠብ እንጂ መጣል አያስፈልግም።

ጂንስ የራሱ ታሪክ አለው። ቀለሙ ኢንዲጎ ክሩን እስከ ውስጥ አይዘልቅም፣ ላዩን ብቻ ያለብሰዋል፤ ስለዚህ በፈተጉት ቁጥር ይላጣል። ፖሊስተር በተቃራኒው ቀለሙ ወደ ውስጥ ገብቶ ስለሚታሰር በቤት ውስጥ እጥበት እምብዛም አይለቅም።

ወደ ሳሙናው እንምጣ። የዱቄት ሳሙና ታሪክ በአመዛኙ የነጭ ልብስ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 ሄንክል የተባለው የዱሰልዶርፍ ኩባንያ ፐርሲል የሚባለውን ዱቄት ሲያወጣ ለቤት እመቤቶች የገባው ቃል፣ ልብሱ ሳይፈተግና ፀሐይ ላይ ሳይነጣ ራሱ ይነጣል የሚል ነበር። ምስጢሩ ፐርቦሬት የተባለው ኬሚካል ነው፤ በሙቅ ውኃ ውስጥ ኦክሲጅን እየለቀቀ እድፉን ያነጣል። ዛሬ ቦታውን ሶዲየም ፐርካርቦኔት ወስዶታል። ውኃ ሲነካው ወደ ሶዳና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይለወጣል። ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ዝግ ያለ ነው፤ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲያልፍ ጉልበቱ ይጨምራል። የሻይ፣ የቡናና የጭማቂ እድፍ ዋና ጠላት እሱ ነው። ችግሩ ለኬሚካሉ የቡናው ቀለምና የቀሚሱ ቀለም ልዩነት የሌላቸው መሆኑ ነው። ጠንካራ ቀለም ይቋቋመዋል፤ ደካማው ከእጥበት ወደ እጥበት እየሳሳ ይሄዳል።

ሁለተኛው የነጭ ልብስ ወዳጅ ኦፕቲካል ብራይትነር ነው። ይህ ቆሻሻ አያስለቅቅም፣ እድፍም አያነጣም። ታጥቦ ካለቀ በኋላ ክሩ ላይ ይቀርና ዓይን የማያየውን የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ተቀብሎ ሰማያዊ ብርሃን አድርጎ ይመልሰዋል። ቢጫነት የነካው ነጭ ሸሚዝ በዚህ ዘዴ አዲስ ይመስላል። ካኪ ሱሪ፣ ክሬም ቀሚስ ወይም ፈዛዛ ሮዝ ሸሚዝ ላይ ግን ያው ሰማያዊ ብርሃን የመጀመሪያውን መልክ ይለውጠዋል። ባለቤቱ «ፈዘዘ» ይላል፤ በትክክል ሲታይ ግን ቀለሙ አልሄደም፣ ሌላ ተጨመረበት እንጂ።

እንግዲህ ለባለቀለም ልብስ ሳሙና ሲመረጥ ዋናው ጥያቄ ምን አለበት ሳይሆን ምን የለበትም ነው። እንደ ፐርካርቦኔት ያለ ማንጫ የሌለበት፣ ብራይትነርም የሌለበት። ለዚህ ደግሞ የከረጢቱ ፊት ብዙም አይረዳም። ፊቱ ላይ አበባ፣ ቀስተ ደመናና ፈገግ ያለች እናት አለች፤ ጀርባው ላይ ግን በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ዝርዝር አለ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ለሚኖር አድማጭ ይህ ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው የኅብረቱ ደንብ ቁጥር 648 መሠረት አምራቹ ዋና ዋና ንጥረ ነገሮቹን «ከ5 እስከ 15 በመቶ» እያለ በመጠን ምድብ ማስቀመጥ አለበት፤ ኦፕቲካል ብራይትነርና ኢንዛይም ደግሞ መጠናቸው የቱንም ያህል ትንሽ ቢሆን ስማቸው መጠራት አለበት። «ኦክሲጅን ቤዝድ ብሊቺንግ ኤጀንትስ» የሚል ከተጻፈበት ማንጫ አለበት ማለት ነው። ጀርመን ውስጥ ነገሩ በስሙም ተለይቷል። ፍራንክፈርት ያለች አንዲት ሐበሻ መደርደሪያው ላይ «ፎልቫሽሚተል» የተባለውን ዱቄት ካነሳች ለነጭ የተሠራውን፣ ማንጫና ብራይትነር ያለበትን ይዛለች፤ «ኮሎርቫሽሚተል» ካነሳች ለባለቀለም የተሠራውን።

ኢትዮጵያ ውስጥ በትንንሽ ከረጢት የሚሸጠው ዱቄት ጀርባው ላይ ሁልጊዜ ይህን ያህል አይናገርም። በዚህ ጊዜ ፊቱ ላይ ያለው ማስታወቂያ ራሱ ፍንጭ ይሆናል። ዋናው ውዳሴው «ነጭ በነጭ ያደርጋል» ከሆነ ለባለቀለም ተብሎ አልተሠራም። ስለ ቀለም ጥበቃ የሚናገረው ደግሞ ቢያንስ በማን ላይ እንዳነጣጠረ ያሳያል። ዱቄቱ መዳፍ ላይ ሲፈስ በነጩ መካከል ብልጭ ብልጭ የሚሉት ሰማያዊና አረንጓዴ ፍሬዎች ግን ምስክርነታቸው አይታመንም፤ በአብዛኛው ቀለም የተቀቡ ጨውነት ያላቸው ቅንጣቶች ናቸው፣ ለዓይን ማማለያ የተጨመሩ።

ፈሳሽ ሳሙና በዚህ በኩል የተሻለ ዕድል አለው። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ከኢንዛይሞች ጋር በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ሳይበላሽ መቆየት ስለሚያስቸግረው አብዛኛው የልብስ ፈሳሽ ሳሙና ማንጫ የለውም። ብራይትነር ግን ሊኖረው ይችላል። ፈሳሹ ሌላም ጥቅም አለው፤ ዱቄት በደንብ ሳይሟሟ ጥቁር ልብስ ላይ ሲያርፍ የሚተወውን ነጭ ዝንጉርጉር አይተውም። ዱቄት የሚጠቀም ሰው መጀመሪያ ዱቄቱን ለብ ባለ ጥቂት ውኃ በጥብጦ፣ ከዚያ ቀዝቃዛውን ጨምሮ፣ ልብሱን መጨረሻ ላይ ቢያስገባ ይህን ችግር ያመልጣል። ልብሱን ሳፋ ውስጥ ከምሮ ዱቄቱን ከላይ መነስነስ የተለመደ ነው፤ ለባለቀለም ግን ከዚህ የከፋ አሠራር ማግኘት ይቸግራል።

ለባለቀለም ተብለው የሚሠሩት ሳሙናዎች ከማንጫ መራቅ ብቻ ሳይሆን የሚጨምሩትም አለ። አንዱ ፒ.ቪ.ፒ. በሚል አጭር ስም የሚታወቀውና የእሱ ዘመዶች የሆኑት ፖሊመሮች ናቸው። ከቀይ ቀሚስ ተላቆ ውኃው ውስጥ የሚንሳፈፈውን ቀለም ይዘው ከነጩ ሸሚዝ ላይ እንዳያርፍ ያግዱታል። ቀሚሱ መልቀቁን አያስቀሩም፤ ጎረቤቱን ያድናሉ። ሌላው ሴሉሌዝ የተባለው ኢንዛይም ነው። የጃፓኑ ካኦ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1987 አታክ የተባለውን ዱቄት ሲያወጣ የተጠቀመው ይህንኑ ነው። ሴሉሌዝ ጥጥ ከተሠራበት ሴሉሎስ ላይ ይሠራል፤ ቀደም ብሎ የተነሣውን የተፈተገ ጥጥ ፀጉር እየቆረጠ ያስወግዳል፤ ጥቁሩም ጥቁር ሆኖ ይታያል። ጀርባው ላይ ሴሉሌዝ የሚል የተጻፈበት ሳሙና ለጥቁርና ለጥቁር ሰማያዊ የጥጥ ልብስ ትንሽ ጭማሪ ዋጋ ቢጠየቅበት የሚያስቆጭ አይደለም። ሱፍና ሐር ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እነሱ ከፕሮቲን የተሠሩ ስለሆኑ የእንቁላልና የደም እድፍ የሚበላው ፕሮቲዬዝ የተባለ ኢንዛይም እነሱንም ሊበላ ይችላል።

አሁን አረፋ። በብዙ ቤት የሳሙና ጥራት የሚለካው በአረፋው ነው። አረፋ ግን ቆሻሻ አያነሳም። ቆሻሻውን ከክሩ የሚያላቅቁት ውኃው ውስጥ የሟሟት የሳሙናው ንጥረ ነገሮች ናቸው፤ አረፋው እንደ ምልክት ቢያገለግል ነው። አምራቾች ይህን ያውቃሉ፤ በእጅ ለሚያጥቡ ገበያዎች አረፋ የሚያበዛ፣ ለማሽን ደግሞ አረፋ የሚቀንስ ያዘጋጃሉ። አረፋ ፍለጋ ዱቄት ሲበዛ የማለቅለቂያው ውኃ አይበቃም፣ ሳሙናው ክሩ ላይ ይቀራል፣ ልብሱም ሲደርቅ ደረቅና ፈዛዛ ይሆናል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የውኃው ጠባይም ከሳሙናው ምርጫ ጋር ይያያዛል። የድሬዳዋን ውኃ የሚያውቅ ሰው ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ያውቀዋል፤ ካልሲየም ነው። ድፍን የልብስ ሳሙና ከእንዲህ ዓይነቱ ውኃ ጋር ሲገናኝ የማይሟሟ አመድማ ዝቃጭ ይፈጥራል፤ ዝቃጩም ባለቀለም ልብስ ላይ ተለጥፎ ድምቀቱን ይሸፍነዋል። እንዲህ ባለ አካባቢ ለባለቀለም ልብስ ከድፍኑ ይልቅ ዱቄት ወይም ፈሳሽ ይሻላል፤ ካልሲየሙን የሚይዙ ንጥረ ነገሮች አሏቸውና።

ፋብሪካ ሳይመጣ በፊት ሐበሻ ልብሱን ያጥብ የነበረው በእንዶድ ነው። ፍሬው ደርቆ ተወቅጦ ውኃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው ሳፖኒን አረፋ ያወጣል፣ ቅባትም ያነሳል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ወንዝ ዳር ልብስ ከሚታጠብበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ምርምራቸውን የጀመሩትም ከዚህ ነው፤ እንዶድ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያረጋገጡት እሳቸው ናቸው። ማንጫም ብራይትነርም የሌለበት እንዶድ ለቀለም የሚያሰጋ ነገር ባይኖረውም፣ ዛሬ በየሱቁ የሚገኝ ዕቃ አይደለም።

ለሐበሻ ቤት ከሁሉ የሚያስቸግረው ባለጥለት ቀሚስና ነጠላ ነው። ከሽሮ ሜዳ የተገዛው ቀሚስ መደቡ ነጭ ፈትል፣ ጥለቱ ቀይና አረንጓዴ ነው። ነጩ ማንጫ ይፈልጋል፣ ጥለቱ ማንጫ ይፈራል። ሁለቱን የሚያስታርቅ ሳሙና የለም፤ ስለዚህ የሚከበረው ፈሪው ነው፣ ጥለቱ። ከመጀመሪያው እጥበት በፊት ነጭ ጨርቅ ውኃ አስነክቶ፣ የጥለቱ ጀርባ ላይ የማይታይ ቦታ አስቀምጦ፣ ለጥቂት ደቂቃ ተጭኖ ማየት ይበቃል። ጨርቁ ከቀላ ጥለቱ ይለቃል። እንዲህ ያለው ቀሚስ በቀዝቃዛ ውኃ፣ ማንጫ በሌለው ፈሳሽ ሳሙና፣ ሳይዘፈዘፍ ቶሎ ይታጠባል፤ ውኃው እስኪጠራ ይለቀለቃል። ብዙውን ጊዜ ቀለሙ ነጩ ላይ የሚያርፈው ሲታጠብ ሳይሆን ታጥቦ እርጥብ እንደሆነ ተጨምቆና ተጠቅልሎ ሲቀመጥ ነው። ሳፋው ዳር ከምሮ ሌላ ልብስ ማጠብ መጀመር ለጥለት ትልቁ አደጋ ነው። ወዲያው ተዘርግቶ መሰጣት አለበት።

ማሽን ላላቸው ደግሞ ሙቀቱና ሰዓቱ ከሳሙናው ምርጫ እኩል ይቆጠራሉ። የሊድስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ጥናት በ25 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ የታጠበውን በ40 ዲግሪ ለ85 ደቂቃ ከታጠበው ጋር አነጻጽረዋል። ቀዝቃዛውና አጭሩ እጥበት የሚለቀውን ቀለምም፣ ከልብሱ የሚረግፈውን ጥቃቅን ክርም ቀንሷል። የጥናቱ አጋር ሳሙና አምራች መሆኑ እንዳለ ሆኖ፣ ውጤቱ ልብስ አጣቢዎች በልምድ ከሚያውቁት ጋር ይስማማል።

ፀሐይዋ ቀርታ ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ በግምት 10 በመቶ ይጨምራል። የበጋ ቀን ሙሉ ገመድ ላይ የዋለ ሰማያዊ ሸሚዝ ትከሻው የሚነጣው በሳሙናው አይደለም። ልብሱን ገልብጦ፣ ጥላ ባለበት ነፋሻ ቦታ ማስጣት፣ እንደደረቀም ማንሳት ማንኛውም ውድ ሳሙና የማያደርገውን ያደርጋል።

ጨውና አቼቶስ? «አዲስ ልብስ ጨው ውስጥ ይዘፍዘፍ፣ ቀለሙ ይጸናል» የሚለው ምክር ከየት እንደመጣ መገመት ይቻላል። ፋብሪካ ጥጥ ሲያቀልም ጨው ይጠቀማል፤ ቀለሙ ከውኃው ወጥቶ ወደ ጥጡ እንዲጠጋ ይገፋዋልና። ልብሱ ከተቀለመ በኋላ ግን ቤት ውስጥ የሚገባ እፍኝ ጨው ልል የሆነውን ቀለም አያጋምደውም። አቼቶም ጥጥ ላይ እንዲሁ ነው፤ የሳሙና ቅሪት ለማለቅለቅ ይረዳ ይሆናል እንጂ ቀለም አያስርም። አቼቶ ከበረኪና ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ሳንባን ይጎዳል፣ ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከሆነ የሰው ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። በአንድ ሳፋ፣ በተከታታይም ቢሆን፣ ሁለቱ መገናኘት የለባቸውም።

በረኪናን በተመለከተ ልብሱ አንገት ወይም ጎን ላይ ያለችው ትንሽ ጨርቅ ትናገራለች። ባዶ ሦስት ማዕዘን ካለባት ማንኛውም ማንጫ ይፈቀዳል፤ ውስጡ ሁለት ሰያፍ መስመር ካለ በረኪና ክልክል ሆኖ የኦክሲጅን ማንጫ ይፈቀዳል፤ ሦስት ማዕዘኑ በኤክስ ከተሰረዘ ሁለቱም ክልክል ናቸው።

ነጩ ልብስ ቀይ ነክቶት ከተገኘ መቸኮል ያለበት ከመድረቁ በፊት ነው። እርጥብ እያለ ለብቻው እንደገና ይታጠብ፤ ሙሉ በሙሉ ነጭ ጥጥ ከሆነ ሙቅ ውኃና ፐርካርቦኔት ያለበት ዱቄት እዚህ ላይ ሥራቸውን ይሥሩ። ባለጥለት ከሆነ ግን ሙቅ ውኃም ማንጫም አይሞከርም፤ ቀዝቃዛ ውኃና ማንጫ የሌለው ሳሙና ደጋግሞ ብቻ። ምልክቱ ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ደግሞ ካውያ አይንካው፤ የተተኮሰ ቀለም ለማስለቀቅ እጅግ ይከብዳል።